የታውንሀውሱ አጥር

በፈረንጆቹ 2014 ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ጉልበቴ ገና አልከዳኝም፣ ዓይኔም ሚስማር ለመምታት ይበቃ ነበር፣ ትዕግሥቴ ግን ያን ዓመት አልቋል። ይህን የምጽፈው ልጄ «ይጻፉት አባባ፣ ሲጽፉት ይወጣልዎታል» ብላኝ ነው። እስካሁን አልወጣልኝም። ፊደል የቆጠርኩት በልጅነቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ የጻፍኩት ነገር ስሜን ነው። ቃሉ ተጣሞ ብታዩት እንዲሁ እለፉት።

ዴንቨር የገባነው ከሱዳን በስደተኝነት ነው። መጀመሪያ ካፒቶል ሂል ከኮልፋክስ ጀርባ ያለ አሮጌ ፎቅ ላይ ተከራየን፤ መኪና ስላልነበረን ሁሉ ነገር በእግርና በባስ ነበር። ቀጥሎ ግሌንዴል ሄድን፣ እዚያም አፓርትመንት። እኔ ፓርኪንግ ስጠብቅ፣ ኋላም ዌርሀውስ ውስጥ ዕቃ ስጭን ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ወገቧ አለቀ። አንዲቷ ልጃችን ነርስ ሆነችና አውሮራ ታውንሀውስ ገዛች። «ኑ፣ አብረን እንኑር» አለችን፣ ገባን።

ታውንሀውስ ማለት ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ የተሠራ ቤት ነው። ከኋላው ጋራዥና የመኪና መውጫ ብቻ ነው፣ ፀሐይ አይደርሰውም፣ በረዶው እስከ ሚያዝያ ድረስ እንደ ድንጋይ ተጋግሮ ይቀመጣል። ፀሐዩ ያለው ከፊት ነው። ከፊት ደግሞ ሣር አለ። ሣሩ ከእኛ በር ተነስቶ እስከ ዋናው መንገድ ይሄዳል፤ የእኛ የት እንደሚያልቅ፣ የጎረቤት የት እንደሚጀምር የሚያጭደው ሰውዬም አያውቀውም። ገና የገባን ቀን ልጄን «ግቢው የት አለ?» ብያት ነበር። «ይሄው አባባ፣ ሁሉም ግቢ ነው» አለችኝ። ሁሉም ግቢ የሆነ ነገር ግቢ አይደለም። ያኔ ይህን ብነግራት አትሰማኝም ነበር፣ አዲስ ቤት ስለገዛች ደስ ብሏታል።

ባለቤቴን መርሳት የጀመራት ግሌንዴል እያለን ነው። እዚያ ረጅም ኮሪደር ስለነበር ትወጣና ዞራ ዞራ ትመለሳለች። አውሮራ ግን በሩን ከፍታ ትወጣለች፣ ትሄዳለች፣ አትመለስም። መጀመሪያ የጠፋች ቀን እኔ ሻወር ውስጥ ነበርኩ። ስወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሳሙና እንደተለወስኩ ሱሪዬን አጥልቄ ሮጥኩ። ሃቫና መንገድ ላይ ያለ ነዳጅ ማደያ አንድ ያገራችን ልጅ ነጠላዋን አይቶ አስቁሟት ኖሮ፣ ልጄ እጇ ላይ ያሰረችላትን ስልክ ቁጥር አንብቦ ደወለ። ሄደን አመጣናት። ልጁን አመስግኜ «ምን አለችህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እማማ ምን ጠፋብዎት ስላቸው፣ የግቢውን በር እየፈለግሁ ነው አሉኝ» አለ።

ልጄ «ኮንፊውዝድ ሆና ነው» አለች። ነርስ ነች፣ ለሁሉም ነገር ስም አላት። እኔ ግን ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ባለቤቴ ያደገችበት አገር የቤት በር ቀን ቀን አይዘጋም። ከቤት ወጣሽ ማለት ግቢ ነሽ ማለት ነው፤ ልብስ ታሰጫለሽ፣ እህል ትለቅሚያለሽ፣ ትቀመጫለሽ። ወጣች የሚባለው የግቢውን በር ስታልፍ ነው፣ ለዚያም ነጠላ ታጣፊያለሽ፣ የምትሄጂበትን ትናገሪያለሽ። እንግዲህ እሷ ከዚህ ቤት ስትወጣ ወደ ግቢ የወጣች ነው የሚመስላት። መንገድ አቋርጣ፣ የመኪና መሸጫውን ሁሉ አልፋ ሃቫና ስትደርስ ገና ከግቢዋ አልወጣችም። የግቢውን በር ብታገኝ ኖሮ ቆማ ትመለስ ነበር። አጥር የሌለበት አገር ምን ላይ ትቁም?

ይህን ለልጄ ነገርኳት። «ኦኬ አባባ» አለችና በሩ ላይ ከፍ ያለ ቁልፍ አስገጠመች። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ በሩን ስትደበድብ ዋለች። «ማነው የዘጋብኝ? ምን ባደርግ ነው?» እያለች። በማግሥቱ ቁልፉን ፈትቼ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ያንን አይታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆማ ተጣላን።

«አባባ፣ እኔ አስራ ሁለት ሰዓት ቆሜ ሠርቼ መጥቼ እማዬን በየመንገዱ ልፈልግ አልችልም። ሌክውድ ጥሩ ቦታ አለ፣ ሚሞሪ ኬር ይባላል፣ የሚረሱ ሰዎች የሚኖሩበት ነው። በደንብ ይይዟታል።»

«የሚይዛት እኔ አለሁ።»

«ሻወር አይገቡም? አይተኙም? ዩ ካንት ዋች ሀር ኦል ዴይ!»

ልጄ ስትናደድ ወደ እንግሊዝኛ ትዞራለች። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው ይመቻታል።

«አጥር እሠራለሁ» አልኳት። «ከፊት፣ ፀሐዩ ላይ። አጥር ተሠርቶላት አንድ ቀን ብትጠፋ፣ አንድ ቃል ሳልናገር ሌክውድ ውሰጃት።»

ቦርሳዋን አስቀመጠች። «እሺ» አለች። «አጥር ካለ እዚህ ትኖራለች። ከሌለ ሌክውድ። ዲል?»

«ዲል» አልኳት።

ድሮ የሠራሁበት ዌርሀውስ ፓሌት ይጥላል። ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት አልጋ ነው፣ ጣውላው ጥሩ ነው። አንድ ወዳጄ በፒካፑ አመጣልኝ። ፈልቅቄ፣ ሚስማሩን አቃንቼ፣ ግንቦት ሲገባ መቆፈር ጀመርኩ። አፈሩ ጭቃ ሲሉት ጭቃ፣ ሸክላ ሲሉት ሸክላ ነው፣ አካፋ አይቀበልም። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ሆኜ ላቤን ስጠርግ ጎረቤታችን መጡ። ባልቴት ናቸው፣ ጀርመናዊት፤ በወጣትነታቸው አሜሪካዊ ወታደር አግብተው መጥተው፣ ባላቸው ሞተው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቋንቋ አስተማሪ ነበሩ። እንግሊዝኛቸው ከእኔ እጅግ ይሻላል፣ ግን እንደ እኔው ይከብዳል፣ ስለዚህ እንግባባ ነበር።

«ጻውን!» አሉኝ ወደ ተደረደረው የአጥር ጣውላ እያመለከቱ። በጸሎቱ ጸ ነው ያሉት፣ አሜሪካኖቹ የማይሆንላቸውን።

«ምን?»

«በእኛ አገር የዚህ ስሙ ጻውን ነው። አጥር።»

«ጥሩ» ብዬ መቆፈሬን ቀጠልኩ። ሥራ ላይ ሆኜ ወሬ አልወድም።

እሳቸው አስተማሪ አይደሉ፣ የት ይለቃሉ! «እንግሊዞች ታውን የሚሉት ይሄንኑ ነው» አሉ።

«ታውን ከተማ ነው። እሷን እንኳ አውቃለሁ።»

«ዛሬ ከተማ ነው። ድሮ አጥር ነበር። አንድ ቃል ነው።»

አካፋዬን አቆምኩ። «ወይዘሮ፣ አጥር እንዴት ሆኖ ነው ከተማ የሚሆነው? ሰው ፊት እንዳይናገሩት፣ ይስቁብዎታል።»

«ከጉድጓዱ ይውጡና ልንገርዎ።»

ወጣሁ። ጥላው ላይ ተቀመጥን፣ ባለቤቴም ወንበሯን አምጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ሴትዮዋ የነገሩኝ እንዲህ ነው። የጀርመኑም፣ የእንግሊዙም፣ የሆላንዱም፣ የሰሜኑ በረዶ አገር ሰዎችም ቋንቋ በጥንት ጊዜ አንድ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ሰው ቤት ሲሠራ ዙሪያውን ግንድ ተክሎ በጭራሮ እየጎነጎነ ያጥራል፣ ከአውሬም ከሌባም ለመዳን። ያንን ጉንጉን ቱን አሉት። ኋላ ሰዎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ፣ ቃሉንም ይዘውት ሄዱ። ጀርመን ጋ ጻውን ተባለ፣ ዛሬም አጥር ነው። ሆላንዶች ተይን ይሉታል፣ እነሱ ዘንድ ግን የአትክልት ቦታ ነው። በሰሜን ባለች አንዲት ደሴት ደግሞ ቱን ማለት በቤቱ ዙሪያ ያለ የሣር መስክ ነው። እንግሊዙ ጋ መጀመሪያ የታጠረ ቦታ ነበር፤ ቀጥሎ በአጥሩ ውስጥ ያለው ቤትና እርሻ ሆነ፤ ቤቱ ሲበዛ መንደር፣ መንደሩ ሲሰፋ ከተማ። አጥሩ ከነጭራሹ ተረሳ።

«ታዲያ ትክክሉን የያዘው ማነው?» አልኳቸው።

«ሁሉም።»

«ሁሉም ትክክል ሊሆን አይችልም።»

«ለምን አይችልም? አራት ወንድማማቾች የእናታቸውን ቤት ሲካፈሉ አንዱ አጥሩን ወሰደ፣ አንዱ አትክልቱን፣ አንዱ ሣሩን፣ አንዱ ደግሞ ቤቶቹን።»

«እንግሊዙ ትልቁን ድርሻ ወሰደ በሉኛ።»

«እንደ ልማዱ» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ባለቤቴም አብራ ሳቀች፣ ምን እንደተባለ ባታውቅም።

እውነቱን ልናገርና ነገሩ ያዘኝ። ሥራ ፈት ነገር ነው ብዬ ልተወው ብል እምቢ አለኝ። እኛ ከተማ የምንለው ከተመ ከሚለው ነው፤ ሰው ደርሶ ድንኳኑን ጥሎ ሲያርፍ ከተመ ይባላል። ሰፈርም ከሰፈረ ነው። የኛ ሰው መጀመሪያ ይሰፍራል፣ ከዚያ ስም ያወጣል። የእነሱ ሰው መጀመሪያ ያጥራል። ግቢ ደግሞ ከመግባት ነው። ይህን ለባልቴቷ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስነግራቸው ደስ አላቸው፣ «ግቢ፣ ግቢ» እያሉ ለመዱት። እኔ ግን እየቆየ እየቆየ አናደደኝ። አጥር ብለው የጀመሩት ሰዎች ናቸው እንግዲህ ሣሩን ዝርግፍ አድርገው ትተው የሚኖሩት። ቃሉን ይዘው አጥሩን ጥለውታል።

አጥሩ አለቀ። ወገብ ነው የሚደርሰው፣ ከዚያ አይበልጥም። በሩን ከመንገዱ በኩል አደረግኩት፣ ቁልፍ የለውም፣ የሽቦ መንጠቆ ብቻ ነው፤ ሕፃን ልጅ ይከፍተዋል። የመጀመሪያው ጠዋት ባለቤቴ እንደ ልማዷ ወጣች። ልጄ ሥራ ሳትሄድ መስኮቱ ጋ ቆማ ታያለች፣ እኔ ከኋላዋ። ባለቤቴ ሣሩን አቋርጣ በሩ ጋ ደረሰች፣ ቆመች፣ ግራና ቀኝ አየች፣ መንጠቆውን አልነካችም። «ገና አልተከፈተም» አለች ለራሷ። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ልጄ መስኮቱ ላይ እንዳለች አለቀሰች። እኔ ነገርኩሽ አላልኳትም። ማለት አምሮኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ የአገራችንን ክረምት በሙሉ፣ እዚህ በጋ ነውና፣ ፀሐይ ላይ ዋለች። ትሪዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች፤ የአሜሪካ ምስር ድንጋይ የለውም፣ እሷ ግን ከየት እንደምታገኘው እንጃ አንዳንዴ ታገኝበታለች። ውሻ ይዞ ለሚያልፈው ሁሉ «ቤት ለእንግዳ» ትላለች። አንድ ቀን አልጠፋችም። ሻወር ስገባ እሷን ለማዳመጥ በሩን ገርበብ ማድረጌን ተውኩ፣ ጭራሽ መዝፈን ጀመርኩ።

ከዚያ ነው ደብዳቤው በራችን ላይ የተለጠፈው። ልጄ አነበበችውና ፊቷ ተለወጠ። «ከኤች ኦ ኤ ነው። የቤቶቹ ማህበር ማለት ነው፣ አባባ። አጥሩ አይፈቀድም ይላሉ። ሂሪንግ ጠርተውናል።»

ማህበር ስትለኝ እኮ ደህና ነገር መስሎኝ ነበር። እኔ የማውቀው ማህበር ዳቦና ጠላ የሚቀርብበት፣ የቀረ ሰው የሚጠየቅበት፣ የታመመ ካለ ተሰብስበው የሚሄዱበት ነው። ይሄኛው ማህበር ግን እዚያ ስንኖር አንድ ቀን ደጃችንን ረግጦ አያውቅም፣ ወረቀት ብቻ ነው የሚለጥፈው።

ስብሰባው ክለብሀውስ በሚሉት ከመዋኛው አጠገብ ባለ ክፍል ነበር። ባለቤቴን ለማን ትተን እንሄዳለን? ይዘናት ሄድን። ልጄ ፀጉሯን አበጠረችላት፣ ነጭ ነጠላዋን ለበሰች። ከመግባታችን በፊት ልጄ ከመኪናው ሳትወርድ ዞራ አየችኝ።

«አባባ፣ የእማዬን ሕመም ልንገራቸው። ሌላ ምንም አያስፈልግም።»

«አይሆንም።»

«ታዲያ ምን ሊሉ ነው?»

«የምለውን አውቃለሁ።»

ገባን። አምስት ሰዎች ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል፣ ሌላው ጎረቤት ወንበር ላይ። ባልቴቷም መጥተዋል። ባለቤቴ ሠርግ ቤት የገባች መስሏት ነው መሰለኝ ለሚያያት ሁሉ ጎንበስ እያለች ሰላምታ ሰጠች። ሥርዓቷን አይቶ አንድም ሰው አላወቀባትም። ሰብሳቢዋ ደህና ሴት ናት፣ ፈገግታ አላት። ተራችን ሲደርስ ተነሳሁና ልጄን «ተርጉሚልኝ» አልኳት።

«እነዚህ ቤቶች ስማቸው ታውንሀውስ ነው በያቸው።»

«ታውንሀውስ ነው የሚባሉት ብለዋል አባቴ» አለች ልጄ።

«ታውን ማለት በጥንቱ አጥር ማለት ነው። የአጥር ቤት ብላችሁ ሽጣችሁልን አጥር ስንሠራ አፍርሱ ትላላችሁ። ወይ ስሙን አፍርሱት ወይ አጥሩን ተዉልን በያቸው።»

ልጄ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «አባባ፣ ይሄን አልተረጉምም» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«ኢትስ ኢምባራሲንግ።»

ባልቴቷ ይህን አይተው ከኋላ ተነሱ። ምን ልል እንደፈለግሁ ገብቷቸዋል። ስለ ጉንጉኑ፣ ስለ ጀርመኑ፣ ስለ ሆላንዱ፣ ስለ ደሴቲቱ ሁሉንም አሳምረው ነገሯቸው። እኔ በልቤ አለቀላቸው አልኩ። ሰብሳቢዋ እጆቿን አገጣጥማ ስታዳምጥ ቆየችና «ሃው ኢንተረስቲንግ!» አለች። ሠላሳ ዓመት ኖሬ ይቺን እንኳ አላጣትም፤ ሃው ኢንተረስቲንግ ከተባለ ነገሩ አልቋል።

ከፊት አጥር የሚባል ነገር በደንቡ አይፈቀድም፣ የቤቶቹ መልክ አንድ መሆን አለበት አለች። ከጠረጴዛው ጀርባ ካሉት አንዱ፣ በየማታው በእኛ በር ትልቅ ጥቁር ውሻ ይዞ የሚያልፈው፣ «እስር ቤት ይመስላል» ሲል ጣልቃ ገባ። ይቺን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

«ዩር ዶግ ኢዝ ኢን ፕሪዝን!» አልኩት። «ሮፕ ኦን ዘ ኔክ! ማይ ዋይፍ ኖ ሮፕ!»

ሰው ሳቀ። ባለውሻው ቀላ። ባልቴቷ አጨበጨቡ። ልጄ ኮቴን ይዛ ወደ ወንበሩ ሳበችኝ።

ሰብሳቢዋ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የተለየ ምክንያት ካለ ግን ቦርዱ ሊያየው ይችላል። ለምሳሌ በቤተሰቡ ውስጥ ሕመም ካለ። እንዲህ ያለ ነገር በቤታችሁ አለ?»

ልጄ ተረጎመችልኝ፣ ከትርጉሙ ጋር ዓይኗም ለመነኝ። የሰው ሁሉ ዓይን መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ልጄ፣ ከልጄ ወደ ባለቤቴ ሄደ። ባለቤቴ ሁሉም እንደሚያዩዋት ስታይ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። እጄን ያዘችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

ሰብሳቢዋን ቀና ብዬ አየኋት። «ኖ» አልኳት። «ኖ ሲክ። ኦል ጉድ።»

እጅ አወጡ። አጥሩ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይነሳ ተባለ። ባልቴቷ በሩ ላይ ደርሰውብን ባለቤቴን አቀፏት። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገባን፣ ልጄ ግን ሞተር አላስነሳችም። መሪውን ይዛ ተቀመጠች።

«አንድ ቃል አባባ» አለች። «አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ስለ ሆላንድ ሲያስወሩ አመሹ፣ ያቺን አንዷን ቃል ግን አላወጧትም።»

«ፊቷ ላይ?»

«እማዬ እንግሊዝኛ አይገባትም! በእንግሊዝኛ ነበር እኮ የምለው!»

«የሰው ዓይን ይገባታል። አላየሻትም?»

«እሺ፣ በቃል አይሁን። ከሐኪም ወረቀት አምጥቼ ልስጣቸው። ማንም አይሰማም፣ ቦርዱ ብቻ ነው የሚያነበው።»

«አንደኛው ባለውሻው ነው። ነገ በእኛ በር ሲያልፍ ምን ብሎ ሊያያት ነው? ቤት ለእንግዳ ስትለው ምን ብሎ ሊስቅባት ነው?»

«ሶ ዋት? ሕመም እኮ ነው። ነውር አይደለም!»

«ነውር ነው አላልኩም። ገመና ነው።»

«ገመና በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» አለች፣ የእውነት እየጠየቀች።

አላውቀውም። ባልቴቷንም ጠይቄያቸው አላውቅም። ዛሬም ቢሆን ያ ክፍል ውስጥ መልሰው ቢያቆሙኝ መልሴ ያው ነው። ልጄ ለእናቷ ያላትን ፍቅር አልጠራጠርም፣ ነገር ግን እዚህ አገር ያደገ ሰው ሕመምን እንደ ስልክ ቁጥር ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል። እኛ ቤት የታመመ ሰው ገላው ብቻ አይደለም የሚሸፈነው። ይህን ያህል ዓመት አልጋ ስታነጥፍ፣ የማታውቀውን ሰው ቆሻሻ ስታነሳ ኖራ፣ ማንም ሳያዋርዳት የኖረችን ሴት እኔ እጄን ዘርግቼ «ይቺን እዩልኝ፣ አእምሮዋ ሄዷል» ብዬ ልሽጣት? ለፓሌት አጥር? ይህ ነው ያናደደኝ። ደንቡ አይደለም። ደንብማ ደንብ ነው። አጥሩን ለማቆየት የሚቀበሉት ዋጋ እሷን መግለጥ ብቻ መሆኑ ነው።

ልጄ ሞተሩን አስነሳች። «ሰኞ ሌክውድ ቀጠሮ አስይዛለሁ» አለች።

«ስምምነታችን አጥር ካለ ነበር።»

«አባባ፣ አጥሩ ይፈርሳል ተባለ እኮ! አልሰሙም?»

«ይሄኛው ይፈርሳል።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ባለቤቴ ከፊት ተቀምጣ መንገዱን ስታይ ነበር። «ሠርጉ ደስ ይል ነበር፣ ግን ምግብ አላቀረቡም» አለች። ልጄ ሳቅ አመለጣት፣ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ፣ በአንድ እጇ እየጠረገች ነዳች።

በነጋታው ልጄ ሥራ እንደሄደች ባለቤቴን ጫማዋን አስርኩላትና ባስ ይዘን ወደ ኮልፋክስ ወጣን። ከኮልፋክስ በስተሰሜን ያለውን የድሮውን አውሮራ ከዌርሀውሱ ዘመን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቤቶቹ ትንንሽና ያረጁ ናቸው፣ ማህበር የላቸውም፣ ቀለማቸው እንደየባለቤቱ ነው፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀለም ያልነካው። ግን ከፊት ለፊታቸው የሽቦ አጥር አላቸው። ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ክንዴን ይዛ፣ መንገድ ለመንገድ አብራኝ ሄደች። ደከመኝ አላለችም። ልጄ ሁለት ጊዜ ደወለች፣ «እየተንሸራሸርን ነው» አልኳት፣ ውሸትም አይደለም።

ፀሐዩ ጠንከር ሲል አንድ ነጭ ቤት ጋ ደረስን። መስኮቱ ላይ የሚከራይ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። በረንዳው ወደ ደቡብ ያያል። ጓሮው ድረስ ዙሪያውን ታጥሯል፣ ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ጎብጧል፣ እሱን አቃናዋለሁ። ባለቤቴ በሩ ጋ ስንደርስ ክንዴን ለቀቀችኝና እንግዳ እንደሚቆመው ወደ ጎን ብላ ቆመች። ደወል የለም። እጄን አጥሩ ላይ አድርጌ ድምፄን ከፍ አደረግሁና ተጣራሁ።

«ቤቶች!»

አንዲት ሴትዮ እጇን በፎጣ እያደራረቀች ወጣች። በየትኛው ቋንቋ እንደተጣራሁ አላወቀችም፣ ግን እንግዳ መምጣቱ ገብቷታል። ቤቱን ማየት እንፈልጋለን አልኳት።